ከመንኮራኩሩ ደጅ፦ ለዓመታት ሳይነገር የቆየው የ12 ደቂቃ ታሪክ

መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 18 ቀን 1965፣ የሶቪየት ኅብረት ቴሌቪዥን እስከዚያ ቀን ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር አሳየ። አንድ ሰው ከመንኮራኩር ወጥቶ፣ በገመድ እንደታሰረ፣ ከበታቹ ምድር እያለፈች ይንሳፈፋል። ምስሉ ጭጋጋም ነው። ሰውየው የ30 ዓመቱ የአየር ኃይል መኮንን አሌክሲ ሊዮኖቭ ነው። በሞስኮ ደስታ ሆነ። በዋሽንግተን ደግሞ የተለመደው ቁጭት፦ ሩሲያውያን አሁንም ቀደሙን። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሊዮኖቭ አባት ግን አልተደሰቱም። ልጃቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደጻፈው፣ ሽማግሌው ቤታቸው ለመጡት ጋዜጠኞች፣ ሌሎቹ ውስጥ ቁጭ ብለው ሥራቸውን ሲጨርሱ ይሄ ልጅ ምን ሊሠራ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መቀጣት አለበት ብለው ተቆጡ። ሳቅ የሚያጭር ቁጣ ነው። ይሁንና በዚያ ሰዓት ለእውነቱ ከጋዜጠኞቹ ሁሉ ይልቅ የቀረቡት አባትየው ነበሩ። ልጃቸው እየሞተ ነበር ማለት ይቻላል።

ዓለም የሰማው ሊዮኖቭ ወጣ፣ ተንሳፈፈ፣ በሰላም ገባ የሚለውን ነው። ያልሰማው ከመጨረሻው "ገባ" በፊት የሆነውን ነው።

የጠፈር ልብስ ልብስ ይባል እንጂ በውስጡ ሰው የተቀመጠበት ትንሽ መንኮራኩር ነው። ውጭ አየር የለም፤ በልብሱ ውስጥ ግን አየር አለ። ስለዚህ ልብሱ እንደተነፋ የኳስ ከመነዳሪ ይወጠራል። ክንድን ማጠፍ፣ ጣትን መጨበጥ ራሱ ከልብሱ ጋር ግብግብ ነው። የሊዮኖቭ ልብስ ከታሰበው በላይ አበጠ። ጣቶቹ ከጓንቱ ጫፍ፣ እግሮቹ ከጫማው ሸሹ። በእግሩ በኩል መግባት የነበረበት 1 ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ተጣጣፊ መሸጋገሪያ ክፍል ነው። ገመዱን እየጠቀለለ ወደ ውስጥ መንሸራተት አለበት፤ ግን በማይጨብጥ እጅ ገመድ አይጠቀለልም። ጨለማም እየቀረበ ነው፤ መንኮራኩሯ ምድርን የምትዞረው በ90 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ቀኑ አጭር ነው።

ሊዮኖቭ ምድር ላይ ያሉትን አለቆቹን ሳያስፈቅድ የልብሱን የአየር መተንፈሻ ከፈተ። ግፊቱ ሲቀንስ ልብሱ ይረግባል። አደጋው ደግሞ ጠላቂ ዋናተኞች የሚያውቁት ነው፦ ግፊት በድንገት ሲወርድ በደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራና ሊገድል ይችላል። ገላው ሲወረውረው ቢሰማውም ማስተንፈሱን ቀጠለ። ልብሱ ሲረግብለት በእግሩ ሳይሆን በጭንቅላቱ ገባ። ከዚያ በዚያች ጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደምንም ተጣጥፎ ዞሮ በሩን ዘጋ። ውጭ የቆየው 12 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ነው። ላቡ በልብሱ ውስጥ እንደ ውሃ ይንቦጫቦጭ ነበር።

መከራው በዚህ አላበቃም። ለመመለስ ሲዘጋጁ መንኮራኩሯን በራሷ አቅጣጫ የሚያስይዘው ሥርዓት እምቢ አለ። አዛዡ ፓቬል ቤልያዬቭ በእጁ አሳረፋት፤ ከታቀደው ቦታ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ በፐርም አካባቢ፣ በበረዶ የተሸፈነ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ወደቀች። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ሌሊት በብርድ አሳለፉ። ሊዮኖቭ እንደሚለው በዚያ ሰዓት ለቤተሰቦቻቸው የተነገራቸው በሰላም አርፈው በአንድ የገጠር ቤት እረፍት ላይ ናቸው ተብሎ ነው።

ለምን ይህን ያህል ችኮላ? ከአንድ ወር በፊት ሰው ሳይኖርባት ለሙከራ የተላከችው ተመሳሳይ መንኮራኩር ከምድር በተላለፈ የተምታታ ትእዛዝ ራሷን አፈንድታ ነበር። ሌላ ሙከራ ቢደረግ ወራት ይፈጃል፤ አሜሪካውያን ደግሞ እየደረሱ ነው። ዋና መሐንዲሱ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ ለሁለቱ ጠፈርተኞች ምርጫውን አቀረበላቸው፤ እነርሱም እንሂድ አሉ። ለነገሩ በእነርሱ ቦታ ሆኖ እንቆይ የሚል ወታደር ማግኘት ከባድ ነው።

አሜሪካውያኑ ለመድረስ ሦስት ወር እንኳ አልፈጀባቸውም። ጁን 3 ቀን 1965 ኤድ ዋይት ከጀሚኒ 4 ወጣ። በእጁ የያዘው ጋዝ የሚተፋ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በእሱ እየተገፋ ወዲያና ወዲህ አለ። ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ ቢያልቅበትም ዋይት በደስታ ሰከረ። ግባ ሲባል ይህ በሕይወቴ እጅግ አሳዛኙ ጊዜ ነው አለ። ፎቶግራፎቹ ዓለምን ዞሩ። አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለውም፦ ዋይት ውጭ ሆኖ ምንም ሥራ አልሠራም። የተሰጠው ሥራ መንሳፈፍ ነበር። ሲገባም በሩ አልዘጋ ብሎ ከአዛዡ ከጄምስ ማክዲቪት ጋር ብዙ ታግለዋል።

እንግዲህ በ1966 የናሳ መሐንዲሶች ፊት ሁለት ምስክሮች ነበሩ። አንዱ ሩሲያዊ ቀላል ነው ተብሎለታል። አንዱ አሜሪካዊ ቀላል ነው ብሏል። ሦስተኛውን ሰው የላኩት በዚህ እምነት ነው።

ሦስተኛው ዩጂን ሰርናን ነው። ጀሚኒ 9 ላይ እንዲበሩ የተመደቡት ኤሊዮት ሲ እና ቻርልስ ባሴት ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1966 በሴንት ሉዊስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተው፣ ተራው ለተጠባባቂዎቹ ለቶማስ ስታፎርድና ለሰርናን ደረሰ። ዕቅዱ ሰርናን ወጥቶ ወደ መንኮራኩሯ ኋላ እንዲሄድ፣ እዚያ የተቀመጠውን የሮኬት ሻንጣ በጀርባው አዝሎ እንዲበር ነበር። የሻንጣው እሳት እንዳያቃጥለው የሱሪው ክፍል ከብረት ክር ተሠርቷል። በዚያ ላይ ልብሱ ተነፍቶ ሲወጠር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ጁን 5 ቀን ወጣ። ያልታሰበው ነገር እዚህ ላይ ነው። ምድር ላይ ብሎን ስናዞር እግራችን መሬት ስለረገጠ ብሎኑ ይዞራል። ጠፈር ላይ ብሎኑን ወደ ቀኝ ስታዞር ብሎኑ አንተን ወደ ግራ ያዞርሃል። ሰርናን አንድ ቧንቧ ለመክፈት፣ አንድ ቀበቶ ለማጥበቅ በሞከረ ቁጥር ሰውነቱ ይወረወር ነበር። የሚይዘው እጀታ በቂ አይደለም፤ እግሩን የሚያሳርፍበትም አስተማማኝ አይደለም። ጉልበቱ ሁሉ ያለቀው በሥራው ሳይሆን ባለበት ለመቆየት ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ እስከ 180 ደረሰ። ልብሱን የሚያቀዘቅዘው አየር ላቡን ማድረቅ አቃተውና የራስ ቁሩ መስታወት በእንፋሎት ታፈነ። ሰርናን መስታወቱን በአፍንጫው እየጠረገ በትንሽ ቀዳዳ ያይ ጀመር።

ስታፎርድ በረራውን አስቆመ፤ ሻንጣው ቀረ። ስታፎርድ በኋላ እንደተናገረው፣ ከመነሳታቸው በፊት አንድ አለቃ ለብቻው ጠርቶት ሰርናን ውጭ ቢሞት አስከሬኑን ይዘህ መመለስ አለብህ ብሎት ነበር። በር ከፍቶ፣ አስከሬን አንጠልጥሎ ወደ ከባቢ አየር መግባት ደግሞ የሚሆን ነገር አይደለም። ሰርናን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ቆይቶ፣ በእውር ድንብር በገመዱ እየተመራ ተመለሰ።

አንዳንዶች ጥፋቱን በሰውየው ላይ ለመጣል ዳድተው ነበር። ግን በዚያው ዓመት ጁላይ ማይክል ኮሊንስ ሊይዘው የሄደው ሮኬት ልሙጥ ሆኖበት እየተንሸራተተ ተቸገረ። በሴፕቴምበር ሪቻርድ ጎርደን አንዲት ገመድ ለማሰር ሲታገል ላቡ ዓይኑ ገብቶ፣ ወደ ሁለት ሰዓት የታቀደው ሥራ በ33 ደቂቃ ተቋረጠ። ሦስቱም ደካሞች ሊሆኑ አይችሉም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ነገር እዚህ በተቃራኒው ሠራ፤ በሽታው በአደባባይ ስለተነገረ መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ።

መድኃኒቱ የተገኘው ባልቲሞር አጠገብ፣ ማክዶኖ በሚባል ትምህርት ቤት የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። አንድ ትንሽ የምርምር ድርጅት የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰው ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ ውሃ ውስጥ እንዲቆም ሚዛኑን እያስተካከለ ይሞክር ነበር። ሰርናን ራሱ ከጉዞው በኋላ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሥራውን ደገመው፤ ያ ስቃይ እዚያም ገጠመው። ከእርሱ በኋላ ጠላቂ ዋናተኛ የነበረው በዝ አልድሪን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በገንዳው ተለማመደ። ኖቬምበር 1966 በጀሚኒ 12 ሲወጣ ተጨማሪ እጀታዎች፣ ወገቡን የሚያስሩ ማሰሪያዎችና እግር የሚገባባቸው ማቀፊያዎች ተገጥመውለታል። የሮኬት ሻንጣው ተሰርዟል። በየመሃሉ እረፍት ተይዞለታል። በሦስት ዙር ከአምስት ሰዓት በላይ ሠራ፤ ብሎን ፈታ፣ ገመድ ቆረጠ፣ ላብ አላስጨነቀውም። በኋላ ሃብል ቴሌስኮፕን የጠገኑትም ሆኑ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የገጣጠሙት ሰዎች ልምምዳቸው ውሃ ውስጥ ነው። የሂውስተኑ ገንዳ 62 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ጥልቀት አለው።

ሶቪየቶች ከሊዮኖቭ በኋላ እንደገና ሰው ወደ ውጭ ያወጡት በጃንዋሪ 1969 ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት።

ሞስኮ እውነቱን በጊዜው ብትናገር ሰርናን አይሰቃይም ነበር ማለት ያጓጓል። ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። የዋይት በር አልዘጋ ማለቱን ናሳ ያውቅ ነበር፤ ያውቅ የነበረውን ግን ደስ በሚለው ፎቶግራፍ ሸፈነው። የውጭ ሰው የሚደብቀውን ያህል፣ የራስ ስኬትም ይደብቃል።

ይህ የድሮ ነገር ብቻም አይደለም። ጁላይ 16 ቀን 2013 ጣሊያናዊው ሉካ ፓርሚታኖ ከጠፈር ጣቢያው ውጭ ሳለ ከራስ ቁሩ ውስጥ ውሃ ይሰማው ጀመር። ክብደት በሌለበት ቦታ ውሃ አይፈስም፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ውሃው ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ አፍንጫውን ሸፈነው። ፀሐይ ገባች፤ ድምፅም ጠፋበት። የገመዱን አቅጣጫ እየዳሰሰ ወደ በሩ ተመለሰ። በቁሩ ውስጥ የተገኘው ውሃ 1 ሊትር ተኩል ገደማ ነበር። የሚያስገርመው ግን ይህ አይደለም። ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ልብስ ሲሠራ ቁሩ ውስጥ ውሃ ታይቶ ነበር። ከመጠጫው ከረጢት የፈሰሰ ነው ተብሎ ታለፈ።

ናሳ የመርማሪ ቡድኑን ሪፖርት በፌብሩዋሪ 2014 ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ሪፖርቱ ሰው አልወነጀለም፤ ባለሙያዎቹ በራስ ቁር ውስጥ ትንሽ ውሃ ማየትን እንደ ተለመደ ነገር መቁጠር ጀምረው እንደነበር ግን በግልጽ አስቀመጠ። ከፓርሚታኖ አደጋ በኋላ ጠፈርተኞች በቁራቸው ውስጥ ውሃ የሚመጥ ጨርቅና፣ የባሰ ቢመጣ የሚተነፍሱበት ቱቦ ይዘው ይወጡ ጀመር።

ሊዮኖቭ የ12 ደቂቃውን ታሪክ በኋለኛ ዕድሜው ደጋግሞ፣ በቀልድም በምሬትም ተረከው። ኦክቶበር 11 ቀን 2019 በ85 ዓመቱ በሞስኮ ሲያርፍ፣ አንድሩ ሞርገንና ክሪስቲና ኮክ ከጠፈር ጣቢያው ውጭ ባትሪ እየቀየሩ ነበር፤ ፓርሚታኖም የጣቢያው አዛዥ ሆኖ ውስጥ ነበር። የናሳ ቴሌቪዥን ሥራውን በቀጥታ እያስተላለፈ ሳለ መርዶውን ለተመልካቾቹ አሰማ። ሁለቱ ሥራቸውን ጨርሰው ገቡ።