የቆዩ ተሽከርካሪዎች የፋብሪካ ይዘት እና በኋላ የተደረገ ለውጥ፦ ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሽቾ እና በአካባቢያቸው ከተሞች የቆየ ቮልስዋገን፣ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ለመግዛት ያሰበ ተገልጋይ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ ይዞ ውል ሊፈጽም አይገባም። በባለቤትነት መታወቂያ ደብተሩ (ሊብሬ) ላይ የሰፈረው መረጃ ከተሽከርካሪው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የስም ዝውውሩ ሊቆም ይችላል።

1. የቃላት ትርጓሜ

የፋብሪካ አማራጭ የሚባለው ተሽከርካሪው ከመመረቱ በፊት በትእዛዝ የተገጠመለት ነው። ለምሳሌ በቮልስዋገን ላይ ተከፋች ጣሪያ ይጠቀሳል። በኋላ የተደረገ ለውጥ የሚባለው ደግሞ ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተቀየረ ሞተር፣ ቀለም ወይም አካል ነው። ያረጀን ዕቃ በተመሳሳይ ዕቃ መተካት ጥገና እንጂ የይዘት ለውጥ አይደለም።

2. ከተሽከርካሪው ላይ የሚነበቡ ምልክቶች

የቮልስዋገን ቢትል የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ተመትቶ ይገኛል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የሻንሲ ቁጥሩ 3ኛ አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። በዚያ ዘመን የሞተር ቁጥሩ በ«ዲ» ከጀመረ 1200፣ በ«ኤፍ» ከጀመረ 1300፣ በ«ኤች» ከጀመረ 1500 ሲሲ ሞተር መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ በሊብሬው ላይ 1200 ሲሲ ተብሎ የተመዘገበ መኪና በ«ኤች» የሚጀምር ሞተር ከተገኘበት ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው።

3. ለውጡ በምዝገባ ረገድ ያለው ውጤት

የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራ እና ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሞተር መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለውጡ ሳይመዘገብ መቅረቱ ግን ባለቤቱን ለችግር ይዳርጋል። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም በድጋሚ የተመታ የሻንሲ ቁጥር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ተሽከርካሪው በወንጀል የተገኘ ነው የሚል ጥርጣሬ ያስነሳልና።

4. ገዢ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት

ሀ) የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሲሲ መጠን እና ቀለም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር፤
ለ) ፋይሉ በሚገኝበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እግድ ወይም ዕዳ አለመኖሩን ማረጋገጥ፤ ፋይሉ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ክልል ከሆነ የዝውውሩን ሂደት አስቀድሞ መጠየቅ፤
ሐ) የተቀየረ ሞተር ካለ የግዢ ደረሰኙን ወይም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን መጠየቅ፤ ለውጡንም ሻጩ በራሱ ስም እንዲያስመዘግብ ማድረግ፤
መ) ውሉን ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መፈጸም።

5. ለባለቤቶች

የፋብሪካ ይዘቱን የጠበቀ የቆየ ተሽከርካሪ በገበያ ተፈላጊ ነው። በመሆኑም ባለቤቶች ሞተር ወይም ቀለም ከመቀየራቸው በፊት በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንዲያማክሩ፣ የተነሣውን ዕቃ እንዳይጥሉ እና ደረሰኞችን ከሊብሬው ጋር እንዲያስቀምጡ ይመከራሉ። የተሟላ ሰነድ ያለው ለውጥ በዓመታዊ ምርመራም ሆነ በሽያጭ ጊዜ በቀላሉ ይስተናገዳል።