ካዛንቺስ የማን ነው?

ስለ አዲስ አበባ የተጻፈው ታሪክ ብዙው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ታሪክ ነው። እኛ ግን ጥያቄውን ከሥሩ ማንሣት እንሻለን፤ ከተማን ለነዋሪው አገር የሚያደርግለት ምንድን ነው? ግንቡ ነው ወይስ በግንቡ ሥር የሚኖረው ሕዝብ?

ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማይቱ የተቆረቆረችው በጦር ሰፈር ሥርዓት ነበር። ጉብታው የመኳንንቱ፣ ዙሪያውና ሸለቆው የወታደሩና የአሽከሩ ነበር። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ፊውዳላዊ ሥርዓት ማኅተሞች ናቸው። ሆኖም ጌታና ሎሌ ተጠጋግተው ስለኖሩ፣ የሀብታም ብቻ ወይም የድኻ ብቻ የሚባል ሰፈር እምብዛም አልነበረም።

ይህን ለመበጠስ የተነሣው ፋሽስት ኢጣሊያ ነው (1928–1933 ዓ.ም.)። የወራሪው የከተማ ፕላን መሠረቱ የዘር ልዩነት ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ በመውሰድ «የተወላጆች ገበያ» አለው። ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ «ኢንቺስ» በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ቤት ሠራ፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ወራሪው ተባረረ፤ ቤቱ ግን ቀረ። ሕዝቡም ስሙን በራሱ አንደበት አላምጦ ካዛንቺስ አደረገው። ለማግለል የተከለለው ገበያ መርካቶ ሆኖ የአገሪቱ ንግድ እምብርት ሆነ። ሕንፃ የሠሪውን ዓላማ ለዘለዓለም ተሸክሞ ይኖራል የሚሉትን ጸሐፊዎች መርካቶ ብቻውን ያስተባብላቸዋል።

ለዚህ ድል ዋናው መሣሪያ፣ በኛ እምነት፣ ዕድር ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ሕዝብ ወር በወር እያዋጣ ድንኳንና ድስት በጋራ ገዛ፤ ጡሩምባ ሲነፋም ጎረቤቱን ለመቅበር ወጣ። በከተማ ዘመድ ያልነበረው ዘመድ አገኘ። ይህም የሆነው ቤቶቹ ስለተጠጋጉ ነው፤ ግድግዳው የጋራ፣ ግቢው የጋራ፣ የውሃ ቧንቧው የጋራ፣ መጸዳጃውም የጋራ። (ድህነቱን ለማስዋብ አንሻም።)

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ቀነሰ፤ ተከራዩም ከአከራዩ ቁጣ ዳነ። ያው ቀበሌ በቀይ ሽብር ዘመን የማሰሪያና የመግደያ መሣሪያ እንደነበረ ከመካከላችን የሚረሳ የለም። ከዚህ ያላነሰ ሌላም መዘዝ ነበረው፤ አዋጁ ጭሰኛውን ባለቤት አላደረገውም፣ አከራዩን ብቻ ለወጠለት። ነዋሪው ልጆቹን አሳደገበት፣ ወላጆቹን ከዚያው ቀበረ፤ ቤቱ ግን በወረቀት የመንግሥት ነበር።

ስለዚህም በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪው በባለቤትነት የሚሟገትበት ሰነድ አልነበረውም። ብዙው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወረ፤ ለአንዱ እዚህ፣ ለጎረቤቱ እዚያ ቤት ደረሰው። ለሃምሳ ዓመት አብሮ ያዋጣው ሕዝብ ሲበተን የዕድሩ ድንኳን ለማን ይሰጣል? ጡሩምባውስ በየትኛው ሰፈር ይነፋል?