ከነፃነት በኋላ ያለው ሥራ፦ በሰው ንግድ የተጎዱትን የመታደግና የማቋቋም ታሪክ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርደው መንገድ የቆየ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃሙ የባሶ ገበያና ከጎንደር የተነሡ ነጋዴዎች የወገራን አምባ አቋርጠው፣ በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ወደብ ይወርዱ ነበር። ሌላው ቅርንጫፍ ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተማ ገበያ ያመራል። በሁለቱም መንገዶች ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድና ከሰም ጋር ሰው ይነዳ ነበር። ፈንጋዮች ከምዕራብና ከደቡብ አገር የማረኳቸው፣ አብዛኞቹ ሕፃናትና ወጣት ሴቶች የነበሩ ወገኖች በእነዚህ መንገዶች እየተጓዙ ወደ ባሕርና ወደ ሱዳን ተሸጠዋል።

በእኛ ዘመን ደግሞ የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ወጣቶች በዚያው መንገድ ወደ ጎንደር ወርደው፣ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያና ወደ ሌሎች አገሮች የሚወስደውን የደላሎች መሥመር ይይዛሉ። የቀድሞው ፈንጋይ በኃይል ይወስድ ነበር፤ የአሁኑ ደላላ በተስፋ ቃል ይወስዳል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሆኖም የተጎዳው ሰው ሲመለስ በሰውነቱና በአእምሮው ይዞት የሚመጣው ቁስል የሚመሳሰል በመሆኑ፣ የትናንቱን የማዳን ሥራ መመርመር ለዛሬው የጤና ባለሙያ ይጠቅማል።

አዋጆቹና የቀረው ክፍተት

የባሪያ ንግድን የማስቆም ጥረት በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመነ መንግሥታቸው መጀመሪያ የባሪያ ንግድን ከልክለዋል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል የሰው መሸጥና መለወጥን ለማገድ ብቻ ሳይሆን፣ ነፃ የወጡትን ለመጠበቅና እንደገና ባሪያ ሊያደርጋቸው የሚሞክረውን ለመቅጣት ቃል ገብተዋል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የባሮች ነፃነት አዋጅ ወጣ። በመጨረሻም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን በሕግ ፈጽሞ ሻረው።

ከመጀመሪያው ክልከላ እስከ መጨረሻው ሽረት 87 ዓመት ያህል አልፏል። ንግዱ በመሣፍንቱ መዳከምና መጠንከር፣ በገበያው መራቅና መቅረብ ሲቀንስና ሲጨምር ቆይቷል። ከዚህ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን ነፃ የወጡት ሰዎች ዕጣ ነው። መሬትም፣ ዘመድም፣ ሙያም የሌለው ሰው ነፃነቱ ቢታወጅለትም የሚሄድበት ስላልነበረው፣ ብዙዎቹ በቀድሞ ጌቶቻቸው ቤት በአገልጋይነት ቀርተዋል። የማዳን ሥራ ሌላ ሁለተኛ ክፍል እንዳለው የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የጎንደሩ ሐኪም

ይህን ሁለተኛ ክፍል ቀድመው ከተረዱት መካከል አንዱ የሕክምና ባለሙያ ነበሩ። በምዕራባውያን የሕክምና ትምህርት ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ገና የጥቂት ዓመታት ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙትን ሕፃን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ፤ በሁለቱ ስምም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፤ በኋላም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አሳደጉ።

ሐኪም ወርቅነህ የተሸጡ ልጅ አልነበሩም። ይሁንና መታደግ ያለ ዘመድና ያለ ቋንቋ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛ ጠፍቶባቸው በአስተርጓሚ ይናገሩ ነበር። አያታቸው ልጃቸው መሆናቸውን ያረጋገጡት በሰውነታቸው ላይ በነበረ የልጅነት ጠባሳ ነው። ከ1916ቱ አዋጅ በኋላ በነበሩት ዓመታት እኚሁ ሐኪም በአዲስ አበባ ነፃ ለወጡ ሕፃናት የተከፈተውን ትምህርት ቤት በኃላፊነት ሲመሩ፣ ልጆቹ ማንበብና መጻፍን ከእጅ ሙያ ጋር እንዲይዙ የደከሙት ነፃነት ያለ መተዳደሪያ እንደማይጸና በማመን ነው።

ከባሕር የተያዙት ልጆች

በመስከረም 1881 ዓ.ም. ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጀልባዎችን ይዛ ወደ ዓረብ አገር ይወሰዱ የነበሩ 204 ሰዎችን አስጣለች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በኤደን አጠገብ በሼክ ዑስማን ወደነበረው የስኮትላንድ ሚስዮን ተላኩ። ነገር ግን በረጅሙ ጉዞና በረኃብ የተዳከመው ሰውነታቸው የባሕር ዳሩን ወባ አልቻለም፤ ነፃ ከወጡ በኋላ የሞቱ ነበሩ። ስለዚህ 64ቱ ልጆች በ1882 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተሻገሩ። ሁሉም ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ተያዙበት ሁኔታና ስለ ተጓዙበት መንገድ ተጠይቀው ቃላቸው በጽሑፍ ሰፈረ። ትምህርትና ሙያ ቢያገኙም ሕመምና ሞት እዚያም ተከተላቸው። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ሌሎቹ ግን ኑሯቸውን በዚያው መሠረቱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ከሻጩ እጅ የወጣ ሰው ከሞት አፋፍ አልራቀምና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሕክምና ሳምንታት ናቸው። ሁለተኛ፣ ወደ ቤት መመለስ የተጎጂው ምርጫ እንጂ የአዳኙ ውሳኔ አይደለም።

የዛሬው ተመላሽ

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ያው ጥያቄ በሰፊው ተነሣ። በሰው የመነገድን ወንጀል ለመከላከል በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 ለተጎጂዎች ማቋቋሚያ የሚውል ፈንድ አቋቋመ፤ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በኋላ ደግሞ የመተማ ድንበር እንደገና የመመለሻ በር ሆነ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከደላሎች እጅ ወጥተው በመተማና በሌሎች መግቢያዎች የተመለሱ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች እንደታዩባቸው፣ ሲሶ ያህሉም ክፉ ድርጊትን ተከትሎ የሚመጣ የአእምሮ ሰቆቃ ምልክት እንዳለባቸው ገልጸዋል።

በአምባ ጊዮርጊስ ወይም በዳባት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ተመላሽ ግን «ተሸጬ ነበር» አይልም። ራሱን እንደሚያመው፣ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ምግብ እንደማይበላለት ይናገራል። ቤተሰቡ ለደላላው ወይም ለማስለቀቂያ የከፈለው ከጎረቤት የተበደረውን፣ በሬ ሸጦም ያገኘውን ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው አፉን ይዘጋዋል። ስለዚህ ብቻውን በተዘጋ ክፍል ማነጋገር፣ አብሮት የመጣውን ሰው አስተርጓሚ ወይም ምስክር አለማድረግ፣ ታሪኩን እንዲደጋግም አለማስገደድ ተገቢ ነው። በቆላው ለቆየ ደገኛ የወባና የካላዛር ነገር አይዘነጋ፤ ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ የካላዛር ጥርጣሬን ያስነሣሉ። በተጨናነቀ እስር ቤት ወይም መጋዘን ለከረመ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባት ወይም ለደረሰበት የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ፣ ለሴቷም የእርግዝና ምርመራ፣ ከፈቃድና ከምስጢር ጋር ሊቀርቡ ይገባል።

ዳባት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትን፣ መምጣትንና መሄድን በቤተሰብ ደረጃ ሲመዘግብ ቆይቷል። በመዝገብ ላይ «ሄደ» ተብሎ የተጻፈ ወጣት አንድ ቀን «መጣ» ተብሎ ይጻፋል። በሁለቱ ቃላት መካከል የደረሰበትን የሚጠይቀው ግን የጤና ባለሙያው ነው። ሕክምና፣ ሥራ፣ የዕዳ መፍትሔና የቤተሰብ ቅቡልነት ያላገኘ ተመላሽ ያንኑ ደላላ ደግሞ ሊፈልግ ይችላል። ከ1916ቱ አዋጅ በኋላ ነፃ ወጥቶ ሳለ ወደ ጌታው ቤት የተመለሰው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነበር።