«አልወለድም» ሰምና ወርቅ ነው ወይስ ውስጠ ወይራ?

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። አቸፈር የደራሲው የአቤ ጉበኛ የትውልድ አገር ነው። አቤ ቅኔ ተምሮ ያደገ በመሆኑ፣ በ1955 ዓ.ም. የታተመውን «አልወለድም»ን ብዙ አንባቢ በሰምና ወርቅ ዘዴ ሊፈታው ሲሞክር አያለሁ። መጽሐፉ በተነሣ ቁጥር «ይህ ገጸ ባሕርይ በእውነቱ እገሌ የተባለው ባለሥልጣን አይደለም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው ለመጽሐፉ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው።

በቅኔ ቤት ወርቅ በግምት አይወጣም። ተማሪው «ወርቁ ይህ ነው» ሲል ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ የተሸከመውን ኅብረ ቃል ለይቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። ቃሉ ሁለቱን ካልተሸከመ ፍቺው የፈቺው ምኞት እንጂ የቅኔው ምሥጢር አይሆንም። ይህንኑ በመጽሐፉ ርእስ ላይ ብንሞክር የምናገኘው የለም፤ «አልወለድም» የሚለው ቃል የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት መጽሐፉ የሚቀርበው ለውስጠ ወይራ ነው። በውስጠ ወይራ ምሥጢሩ የሚገኘው በቃል መንታነት ሳይሆን ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ ተናገረው በሚለው ላይ ነው። እዚህ ተናጋሪው በማሕፀን ያለ ጽንስ ነው። ጌታ የለውም፤ ግብር አይከፍልም፤ አይሾምም፤ አይታሰርም። እምቢ የሚለውም ሹመትን ወይም ትእዛዝን ሳይሆን ሰው ሁሉ በረከት የሚለውን መወለድን ነው። ይህን ትቶ የባለሥልጣን ስም መፈለግ መጽሐፉን ያሳንሰዋል። (ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ሰምና ወርቅን የአንድ ሕዝብ ባሕርይ መግለጫ ካደረገው ወዲህ፣ አንዱን የቅኔ ስልት ለሁሉ መክፈቻ ማድረግ ሳይቀናን አልቀረም።)

መጽሐፉ ጥቂት ከተሸጠ በኋላ መታገዱም እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ «ስለ መንግሥት ባይሆን ለምን ይታገድ ነበር?» ይባላል። እገዳው ስለ አጋጁ ሥጋት ይመሰክራል፤ ስለ ፍቺው ግን አጋጁም ቢሆን አንድ አንባቢ ነው።

የ1966ቱን አብዮት አስቀድሞ ተንብዮአል የሚሉም አሉ። የ1955ቱ አንባቢ ግን አብዮቱን አያውቅም ነበር፤ ጽንሱ የሸሸው ዓለም ለዚያ አንባቢ ገና የሚመጣ ሳይሆን በየቀኑ የሚኖርበት ነው። ደግሞም የደራሲው አገር የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያመፀው በ1960 ዓ.ም.፣ መጽሐፉ በታተመ በአምስት ዓመቱ ነው። ከትንቢት ፈላጊዎቹ አንዱም ይህንን ሲያነሣ አልሰማሁም።