ስፕሊትና ሌየር በመድረክ የኪቦርድ ሶፍትዌር

ስፕሊት አንድን ኪቦርድ በክልል ከፍሎ በየክልሉ የተለያየ ድምፅ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሌየር ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲመታ ሁለትና ከዚያ በላይ ድምፆች ተደራርበው እንዲሰሙ ማድረግ ነው። ግራ እጅ ቤዝ፣ ቀኝ እጅ ፒያኖ ሲጫወት ሥራው የስፕሊት ነው፤ ከፒያኖው ሥር ቫዮሊኖች አብረው ሲነሱ የሌየር ነው። መድረክ ላይ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሠራሉ፤ አንድ ኪቦርዲስት የሁለት ሦስት ሰው ድርሻ መሸፈን የሚችለውም በእነሱ ነው።

አሳቡ ከኮምፒውተር በፊት ነበር። የሐመንድ ኦርጋን ሁለት የቁልፍ እርከኖች ለሁለቱ እጆች ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሮላንድ ጁፒተር-8 በአንድ እርከን ላይ ስፕሊትም ሌየርም ነበረው፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ስምንት ኖታ ብቻ ስለነበር ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወገን የሚደርሰው አራት ነው። በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ያን ያህል ዝና ቢያተርፍም ሁለቱም አልነበሩትም።

ነገሩን ከመሣሪያው ወደ ሶፍትዌር ያሻገረው በዚያው በ1983 ሥራ ላይ የዋለው ሚዲ ነው። በሚዲ የተገናኘ ኪቦርድ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው ቁጥር እንጂ ድምፅ አይደለም፤ የተመታው ኖታ ከ0 እስከ 127፣ የምቱ ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይገለጻል። መካከለኛው ሲ 60 ነው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ በተለምዶ ከ36 እስከ 96፣ ባለ 88 ቁልፍ ደግሞ ከ21 እስከ 108 ይልካል። ስለዚህ በሶፍትዌር ውስጥ ስፕሊት ማለት «ከዚህ ቁጥር በታች ያለው ወደ ቤዝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ፒያኖ ይሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። አፕል በ2007 ለማክ ያወጣው ሜይንስቴጅ፣ እንዲሁም ካንታቢሌና ጊግ ፐርፎርመር በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ኖታ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ኖታ 60ን አንዳንድ አምራቾች ሲ3፣ ሌሎች ሲ4 ይሉታል፤ በስም ብቻ የተሞላ ወሰን አንድ ኦክታቭ ሊስት ስለሚችል ቁልፉን መትቶ ማረጋገጥ ይሻላል።

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ በ53 እና በ54 መካከል ቢከፈል ለግራ እጅ 18 ቁልፎች፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ተኩል፣ ይደርሱታል። ይህ ለቤዝ ይበቃል፤ ግን ድምፁ ከፍ ይላል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ክር ባዶውን ሲመታ 28 ሲሆን የኪቦርዱ ዝቅተኛ ቁልፍ 36 ነው። ቤዙ ብቻ 12 ሴሚቶን ዝቅ ሲደረግ ቁልፍ 40 ያን ዝቅተኛ ኢ ይሰጣል። ቀኝ እጅ የሚጫወተው ዜማ በሲ የተቃኘ ትዝታ ከሆነና ወደ ታች እስከ ጂ፣ ማለትም 55፣ ብቻ ከወረደ ወሰኑ አይነካም። እስከ ኢ 52 ከወረደ ግን ዜማው ሐረጉ መሐል ላይ ወደ ቤዝ ይለወጣል። ወሰን የሚመረጠው በዘፈኑ ነው፤ የኪቦርዱን እኩሌታ ፈልጎ እዚያ ላይ መክፈል ደካማ ልማድ ነው። ሜይንስቴጅ እጅ ወደ ወሰኑ ሲጠጋ ወሰኑ ራሱ የሚንሸራተትበት ምርጫ አለው፤ እንዲህ ላሉ ዜማዎች እጅግ ይረዳል።

ዘፋኙ «አንድ ቶን ውጣ» ሲል በኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ መጫን በኢትዮጵያ መድረኮች የተለመደ ነው። ከሶፍትዌር ጋር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኪቦርዱ ሁለት ሴሚቶን ሲወጣ ቀድሞ 52 ይልክ የነበረው ቁልፍ 54 ይልካል፤ ወሰኑም ሁለት ቁልፍ ወደ ግራ ይሸሻል። የቤዙ የላይኞቹ ሁለት ቁልፎች ሳይታሰብ ፒያኖ ይሆናሉ። መፍትሔው ኪቦርዱን እንዳለ ትቶ ኖታዎቹ በየክልላቸው ከተከፈሉ በኋላ በሶፍትዌሩ ውስጥ እያንዳንዱን ድምፅ ማውጣት ነው።

ሌየር ሲሠራ ዋናው ጥያቄ መጠን ነው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሲደመሩ ጠቅላላው ሦስት ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ሁለቱም የታችኛውን ድምፅ ከያዙ ደግሞ ቤዙን ይሸፍኑታል። ስለዚህ ከቫዮሊኖቹ ሥር ያለው ወፍራም ድምፅ በፊልተር ይቆረጣል፤ መጠናቸውም ዋናው ፒያኖ እስኪገን ድረስ ይቀነሳል። ብራስ ከ105 እስከ 127 ለሚደርስ ምት ብቻ ከተመደበ ደግሞ በለስላሳው ጨዋታ ዝም ብሎ በኃይለኛው ኮርድ ላይ ብቻ ይፈነዳል፤ ይህ ሌላ እጅ ሳይጠይቅ ለአዝማች ሕይወት ይሰጣል።

ፔዳል በቀላሉ ይረሳል። የሰስቴን ፔዳል የሚልከው 64ኛው የሚዲ መቆጣጠሪያ ወደ ሁሉም ድምፅ ይደርሳል። ፒያኖው እንዲያስተጋባ ሲረገጥ የቤዝ ኖታዎችም ሳይቆረጡ ይደራረባሉ። ስለዚህ በቤዙ ላይ ፔዳሉ መዘጋት አለበት።

የተደራረቡ ድምፆች ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃሉ። በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ ድምፅ ላይ የ128 ናሙና በፈር ወደ 3 ሚሊሴኮንድ፣ የ256 ደግሞ ወደ 6 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ያመጣል። ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ በፈሩን ወደ 256 ማሳደግ ይገባል፤ ያም ካልረዳ አንዱን ሌየር መቀነስ። በልምምድ ላይ የተንጫጫ ቅንብር እንዳለ ወደ መድረክ መውጣት የለበትም።