የጡረታ ገንዘብና የመንግሥት ቃል

የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ በ1889 እ.ኤ.አ. ዕድሜው 70 ለደረሰ ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ያወጣው ለድሃ አዝኖ ብቻ አልነበረም። ሠራተኛው ጠቅልሎ ወደ ሶሻሊስቶች እንዳይሄድበት ሰግቶ ጭምር ነው።

ዛሬ ፈረንሳይ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቷ ሲሶ ያህሉን ለማኅበራዊ ጥበቃ ታወጣለች። አየርላንድ የዚያን ግማሽ እንኳ አታወጣም። ታዲያ አየርላንድ ለዜጋዋ ጨካኝ ናት ማለት ነው? አትቸኩሉ። ሕዝቧ በአንጻሩ ወጣት ነው፤ ምርቷንም የውጭ ኩባንያዎች ትርፍ አሳብጦታል። መቶኛው ብቻውን ያሳስታል።

ፈረንሳይ በ2023 የጡረታ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ለማሳደግ ስትነሳ በአንድ ቀን ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አደባባይ ወጣ። ሕዝቡ ጡረታን የሚያየው እንደ በጀት ወጪ ሳይሆን መንግሥት እንደገባለት ቃል ነው። ስለዚህ አገሮችን በወጪ ስታወዳድሩ፣ ለማን ምን ቃል እንደተገባም ጠይቁ።