አባቴ ከኮሪያ ያመጡት ፎቶግራፍ

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ወሬ ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል። አባቴ ግን በዚያ ሰፈር ከኖሩት ሰዎች ሁሉ ወሬ የማያስተላልፉ ሰው ነበሩ። የክቡር ዘበኛ መኮንን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም በየማለዳው ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ የትም ላይሄዱ ይለብሱ ነበር። የእኛን የትምህርት ቤት ልብስ የሚተኩሱት፣ ደብተራችንን በጋዜጣ የሚለብዱት እርሳቸው ነበሩ። ይህን ያየ ጎረቤት «ሻምበልስ ሞግዚት ሆነው ቀሩ» እያለ ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማታ ከተኛን በኋላ በእጅ ባትሪ እየዞሩ አምስታችንንም ሳይቆጥሩ አይተኙም። ከሩቅ የጅቡቲው ባቡር ሲያፏጭ ለአፍታ ይቆሙና ያዳምጣሉ፤ ከዚያም ቆጠራቸውን ይቀጥላሉ።

የሄዱት በዚያ ባቡር ነበር። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ገባ። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሻለቃም ተራ በተራ ተተኩ። አባቴ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሺታ ከሚመራው ከሦስተኛው ጋር በ1945 ዓ.ም. ዘመቱ። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ኢትዮጵያውያን «ዮክ» እና «አንክል» በተባሉት ምሽጎች ያደረጉትን የሌሊት ውጊያ አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል በመጽሐፉ ተርኮታል። በየጊዜው ከሄዱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች 122ቱ ሞቱ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጻሕፍት እንጂ ከአባቴ አይደለም። ከእርሳቸው ዘንድ የነበረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር። ወጣት መኮንን በበረዶ ላይ ተንበርክኮ የአንዲትን ሕፃን የካፖርት ቁልፍ ይቆልፋል፤ በዙሪያው ሌሎች ልጆች ቆመዋል። ልጆቹ ኮሪያውያን ናቸው።

ሰፈርን ታውቁታላችሁ። ከዚህ ፎቶግራፍ «ሻምበል ኮሪያ ወልደው ጥለው መጡ» የሚል ወሬ ለመውጣት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። እናቴ አልጠየቀችም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። ደግሞስ ያን ጊዜ ስለ ደቡብ ኮሪያ ማን ደፍሮ ያወራል? የደርግ ወዳጅ ሰሜን ኮሪያ ነበረች፤ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት እንኳ የተሠራው በእርሷ እርዳታ ነው። ለንጉሡ ዘበኛ ሆኖ ከአሜሪካ ጎን መሰለፍ የሚፎከርበት ታሪክ አልነበረም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ማታ ከጓደኞቼ ጋር እንዳልወጣ ከለከሉኝ። ተናደድሁ። «ኮሪያ ጥለዋቸው የመጡትን ልጆች ሄደው ይቁጠሩ!» አልኋቸው። እናቴ ከማጀት ሰማች። አባቴ አልተቆጡም፤ የያዙትን ጋዜጣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ግቢው ወጡ። በዚያች ሌሊትም የባትሪው ብርሃን እንደ ወትሮው መጣ፤ እኔ ግን ፊቴን በብርድ ልብሱ ሸፈንሁ።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። ነገ ዛሬ ስል በ1986 ዓ.ም. አረፉ።

ለለቅሶ ከመጡት መካከል ከዘራ የያዙ፣ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ የደረደሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ድንኳኑ ጭር ሲል ፎቶግራፉን አውጥቼ አሳየኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው፣ ደግሞ አቅርበው አዩትና «ዶንግዱቾን!» አሉ።

የቃኘው ወታደሮች ከተኩስ አቁሙ ዓመት ጀምሮ በዶንግዱቾን ከተማ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበራቸው። ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ በጦርነቱ ወላጅ ያጡትን ሕፃናት ያበሉና ያለብሱ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. በተገኙበት በቹንቾን ከተማ የተመረቀው ሐውልት ለጦረኞቹ የቆመ ነው፤ የታሪክ መጻሕፍቱም ኮረብታውን በቁጥሩ፣ ውጊያውን በቀኑ ይዘረዝራሉ። ለማሳደጊያው የሚተርፈው ጥቂት መስመር ነው። እንዲህ መሆኑ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል፤ ምሽግ መያዝ የተማረ ሠራዊት ሁሉ የሚችለው ነገር ነው።

«ልጄ» አሉኝ አዛውንቱ፣ «ልጆቹ ሌሊት እየባነኑ ያለቅሱ ነበር። መድፉ ገና ከጆሯቸው አልወጣም። አባትሽ ተረኛ ባይሆንም እየተነሣ በባትሪ ይዞራል፤ አንዱ ጎድሎ እንደሆነ ይቆጥራቸዋል። እኛ እንስቅበት ነበር፤ ሞግዚት እያልን።»

እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ከፊቷ ገለል አድርጋ እጇን ዘረጋች፤ ፎቶግራፉን ሰጠኋት። መነጽሯን አልያዘችም። የልጆቹን ፊት በጣቷ እየነካች፣ ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ ናቸው።